ደንቆሮው ሳጥን

«ሐጂ፣ ጠርዙ ያልተቋጨ ሽርጥ አለዎት?»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። የያዙትን ጨርቅ አጠፉ። ዘረጉት። እንደገና አጠፉት።

«የለም ልጄ። ሐሙስ ብቅ በይ።»

የተናኘ እጅ ኪሷ ውስጥ ደረቀ።

ማለት የነበረባቸው «አንድ ቀርቶኛል፣ ላንቺ ይሁን» ነበር። ያኔ እሷ ከብሩ ጋር አንድ ክብሪት ታቀብላቸዋለች። ክብሪቱ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ የሚሞሪ ካርድ አለች። አሥር ወር የተለፋባት ካርድ።

«ሐሙስ» ማለት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

ተነቅቶብሻል። ሽሺ።

ዕለቱ ሰኞ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት። ደሴ ሰኞ ገበያ እግር መጣያ የለውም። በግ የሚጎትተው፣ ጆንያ የተሸከመው፣ ዋጋ የሚከራከረው ሁሉ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይጋፋል። ተናኘ ሽርጥ የምትመርጥ መስላ ጎንበስ አለች።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን እዚህ ቦታ ጨርቅ ሲሸጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ውስጥ አሥራ ሁለቱን ዓመት ለስለላ መምሪያው መልእክት ወደ አዲስ አበባ ሲያቀባብሉ ኖረዋል። ይህን የገዛ ልጃቸው እንኳ አታውቅም።

«ጠዋት አንድ ሰው መጣ» አሉ ጨርቁን እያሳዩዋት። «ከጥድ ነው የተላክሁት አለኝ። ልጅቱ የምታመጣውን ለእኔ ይስጡኝ አለ። የእኔና ያንቺን ምልክት ብጠይቀው አያውቀውም። ወላሂ፣ ቀልቤ አልወደደውም።»

ጥድ የአለቃዋ የምስጢር ስም ነው። የእሷ ዋንዛ።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት። አንዱ በርበሬ ተራው ጥግ ቆሟል። አንዱ ከኋላሽ ጫማ ይለካል። ይኸው ሦስተኛ ጫማው ነው።»

«እርስዎስ ሐጂ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ? ሽርጥ ሻጭ ሽማግሌ ነኝ። አብሽሪ። በግራ በኩል ውጪ።»

በግራ ወጣች። አልሮጠችም። ገበያ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ሌባ ነው፤ ሌባን ደግሞ ሁሉም ይይዘዋል።

ከኋላዋ የተወረወረ ጫማ መሬት ሲመታ ሰማች።

እርምጃ።

ፈጣን እርምጃ።

አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ አየችው። ቡናማ ጃኬት፣ ወፍራም አንገት። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ከመቀመጫቸው ሲነሡም አየች። የጨርቅ ክምራቸውን ታቅፈው መተላለፊያው መሐል ገቡ። «ውይ ልጄ፣ ይቅርታ፣ ይቅርታ!» ጨርቁ ተዘረገፈ። ባለ ጃኬቱ ደረታቸውን ገፈተረ። ሽማግሌው በጀርባቸው ወደቁ። ሰው ጮኸ።

ተናኘ አልዞረችም።

ደንቡ ነው። የወደቀልህን ሰው ለማንሣት ከዞርክ ሁለታችሁም ወደቃችሁ።

ባጃጅ አስቆመች። «ፒያሳ» አለች።

* * *

ተናኘ ስሟ አልነበረም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አሥር ወር የኖረችበት ስም ነው። እውነተኛ ስሟን በዚያ አገር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። መታወቂያዋ የእምቢልታ ኔትወርክስ ቴክኒሻን ይላታል። መሰላል ትወጣለች፣ አንቴና ታስራለች፣ መስመር የተቋረጠበት ሲደውል ሄዳ ትጠግናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአየር ላይ ለማንም ያልተከለለ፣ ሁሉም የሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ አለ። የካፌው ዋይፋይ፣ የፋብሪካው ካሜራ፣ የገጠር ክሊኒክ ከከተማ ሐኪም ጋር የሚገናኝበት መስመር ሁሉ በዚያ ነው የሚሠራው። እምቢልታ ደግሞ በዚያው ሞገድ ላይ ሌላ ዓይነት ኔትወርክ፣ እንደ ሞባይል ያለ፣ ለፋብሪካዎች ልዘርጋ አለ። የሙከራ ፈቃድ አገኘ። በሁለቱ ከተሞች ጣሪያዎች ላይ አርባ ሳጥን ሰቀለ።

ሕጉ አንድ ነው። ማንኛውም መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ሌላው እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል። ተራው ሲደርስ ትንሽ ይናገርና ዝም ይላል። የማይተዋወቁ ኔትወርኮች አንድ አየር ተካፍለው የሚኖሩት በዚህ ብቻ ነው።

መምሪያው አንድ ወሬ ደረሰው። በሳጥኖቹ ውስጥ ሁለተኛ ፕሮግራም ተደብቋል፤ በትእዛዝ ሲቀሰቀስ ሳጥኑ ማዳመጡን ይተዋል። ያለ እረፍት ይጮኻል። አርባው አንድ ላይ ከጮኹ፣ ሌላው ሁሉ ተራውን እየጠበቀ ዝም ይላል። ተራው ግን አይመጣም።

በመዝገቡ ላይ የተሰጠው ስም «ደንቆሮ» ነው።

ከተማን ያለ ጥይት ዝም የሚያሰኝ ነገር ገዢ አያጣም። አዲስ አበባ የምትቀመጠው የመምሪያው ኃላፊ ወይዘሮ አረጋሽ መዝገቡን ከፈተች። የወሎው ኃላፊ በላቸው እንዲመራው ተደረገ። ዋንዛ ተላከች። ሥራዋ ሁለት ነበር፤ ፕሮግራሙን መቅዳት፣ ትእዛዙን የሚሰጠውን ሰው ማወቅ። የመጀመሪያው ክብሪቱ ውስጥ ነው። ለሁለተኛው ጥርጣሬ ብቻ ነው ያላት፤ የእምቢልታው ኢንጂነር ኪዳኑ።

ባጃጁ ፒያሳ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው።

ጥድ የሚለውን ስም ወሎ ውስጥ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን። ራሱ በላቸው።

ኪዳኑ ከየት ይሰማዋል?

* * *

በላቸው ለክፉ ጊዜ በተቀጣጠሩበት ካፌ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ጸጉሩ ገብስማ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ይህን ሥራ ያስተማራት እሱ ነው። የቀረበለትን ማኪያቶ አልነካውም።

«ሐጂ አልተቀበሉኝም» አለች ስትቀመጥ። «ሁለት ሰዎች ተከተሉኝ። ሽማግሌውን ገፍትረው ጣሏቸው።»

«ኪዳኑ ነው» አለ በላቸው፣ ሳያመነታ። «ነቅቷል ማለት ነው። ካርዱ የታለ?»

ሁለት ክብሪት ነበራት። በቀኝ ኪሷ ያለው እውነተኛዋን ካርድ ይዟል። በግራው ለክፉ ቀን ብላ የያዘቻት ባዶ ካርድ ናት።

የግራውን አወጣች።

በላቸው ክብሪቱን ተቀበለ። ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

አልከፈተውም።

የተቀበልከውን ሳታይ ከቦታህ አትነሣ። መጀመሪያ ያስተማራት ደንብ ይህ ነው። የካርድ ማንበቢያው ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው። አሥር ወር ሙሉ የሰጠችውን ሁሉ እፊቷ እያየ ነው የተቀበላት። ዛሬ አላየም። ውስጡ ያለው አያጓጓውም። የሚፈልገው እሷ እጅ እንዳይገኝ ብቻ ነው።

ተናኘ ፊቷን አልለወጠችም። ስኳር ጨመረች። አማሰለች።

«ዛሬውኑ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ» አለ። «ኮምቦልቻ እንዳትመለሺ። ሥራሽ አልቋል።»

«ትእዛዙን የሚሰጠው ሰውስ? አልያዝነውም እኮ።»

«አልቋል አልኩሽ ዋንዛ።»

ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የአርባው ሳጥን የሙሉ አቅም ሙከራ አለ። የእምቢልታ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ዘጋችው።

«እሺ አለቃ» አለች። «እንደሚሉት።»

ወጣች። ወደ አዲስ አበባው መኪና አልሄደችም።

* * *

የኮምቦልቻው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ስልኳ ጠራ።

ጣይባ ናት። ቦሩ ሜዳ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ፤ የሐጂ ዘይኑልአቢዲን ልጅ። ተናኘ የክሊኒኳን መስመር ከሰቀለች ወዲህ ጓደኛሞች ሆነዋል። ጣይባ አባቷ ከተናኘ ጋር እንደሚተዋወቁ አታውቅም።

«ተናኘ፣ በአላህ መስመሩን ዛሬ እይልኝ። አባዬ ገበያ ላይ ገፍትረውት ወደቀ። ደረቴን ጨመቀኝ፣ ልጄ ጋ ውሰዱኝ ሲል እኔ ጋ አመጡት።»

ተናኘ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች።

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ። አሁን እንዴት ናቸው?»

«ተኝቷል። የልቡን ምርመራ ደሴ ላለው ስፔሻሊስት ልኬለት አየው። ለጊዜው አያሰጋም፣ አታንቀሳቅሱት፣ ሕመሙ ከተመለሰ ግን በዚያው ደቂቃ ላኪልኝ አለ። የሞባይል ኢንተርኔት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነው። ያለኝ ያንቺ መስመር ብቻ ነው።»

«አብሽሪ» አለች ተናኘ። ቃሉ የወሎ ነው፤ ከአባትየው ነው የተማረችው። «መስመሩን እኔ አየዋለሁ።»

* * *

የእምቢልታ መቆጣጠሪያ ክፍል ኮምቦልቻ፣ ከፋብሪካዎቹ ዳር ያለ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ መስታወቷ የጠቆረ ነጭ መኪና ቆማለች። ተናኘ ታርጋዋን በቃሏ ያዘች። ወደ ውስጥ ገባች።

ኢንጂነር ኪዳኑ ቀጭን፣ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ምሳውን ሳይጸልይ አይበላም። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ይዘምራል። ሲያያት ተገረመ።

«እንዴ፣ ዛሬ ትቀራለች ተብዬ ነበር። እንኳን መጣሽ፣ ጌታ ይባርክሽ።»

«ማን አለህ?»

«ከላይ ተደውሎልኝ ነው።»

ከላይ የሚለው ቃል ከበዳት። ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ላፕቶፗን ከፈተች። መቅጃውን አስነሣች።

ትእዛዙ ባዶውን አይመጣም። የሰጪው ፊርማ ይከተለዋል፤ በሰባት ቁራጭ ተከፋፍሎ፣ በየደቂቃው አንድ። ይህን ካርዷ ላይ ካለው ቅጂ ነው የተረዳችው። ስድስቱ ቁራጭ የማንም ሊሆን ይችላል። ሰባተኛው ሲጨመር ብቻ ነው ስም የሚሆነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ።

ግድግዳው ላይ ያለው ካርታ ቀላ። አንድ ሳጥን። አሥር። አርባ።

ደንቆሮው ነቃ።

አንደኛው ቁራጭ ወረደ። የኪዳኑ ስልክ ከዋይፋይ ወጣ። የበሩ ካሜራ ጠቆረ። ሁለተኛው ቁራጭ ወረደ። ከሁለቱ ከተሞች አየር ላይ ከአርባው ሳጥን ጩኸት በቀር ሁሉም ድምፅ ጠፋ።

ሦስተኛው ሲወርድ ስልኳ ጮኸ፤ ተራ ጥሪ በሌላ ሞገድ ነው የሚሄደው።

«ተናኘ፣ መስመሩ ቆመ!» የጣይባ ድምፅ ነው። «አባዬ ሕመሙ ተነሣበት። ላብ አጥልቆታል። ምርመራውን ልልክ ብል አልሄድ አለ!»

«ለሐኪሙ በስልክ ንገሪው።»

«ነገርኩት! ሳላየው ያን መርፌ አላዝም፣ ሊገድለው ይችላል አለኝ። ምን ላድርግ? ንገሪኝ እንጂ!»

ተናኘ ማቆሚያውን ታውቃለች። አርባው ሳጥን ሰዓቱን የሚቀበለው ጣሪያው ላይ ካለች አንዲት አንቴና ነው። ሰዓቱ ከጠፋባቸው ይዘጋሉ። የአንቴናዋን ገመድ መቁረጥ ነው። በሩጫ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አሁን ከቆረጠች ግን በእጇ የሚቀረው ሦስት ቁራጭ ነው። ስም የለውም። ሰውየው ዛሬ ያመልጣል። ነገ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አርባ ሳጥን፣ ሌላ ክሊኒክ።

«ትንሽ ጠብቂኝ ጣይባ።»

«ስንት?»

«ትንሽ።»

ዘጋችው።

አራት።

ኪዳኑ ከወንበሩ ተነሣ። «ምንድን ነው ይሄ? የአንድ ደቂቃ ሙከራ ነው ብለውኝ ነበር! የፋብሪካዎቹ መስመር ሁሉ ሞቷል!»

«አቁመው።»

«ማቆሚያው እኔ ጋ አይደለም። የጸጥታ ጉዳይ ነው፣ የመንግሥት ትእዛዝ ነው ተብዬ ነው ፕሮግራሙን ያስገባሁት። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳይተውኛል!»

አየችው። አይዋሽም። አሥር ወር የተሳሳተ ሰው ስትከታተል ኖራለች። የመሯትም ወደዚያው ነበር።

አምስት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ጣይባ።

አላነሣችውም።

ስድስት።

ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ያ ዝምታ ከጩኸቱ ባሰባት። ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። አንድ ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ሰባት።

ቁጥሩ ተገጣጠመ። የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ለማወቅ ማመሳከሪያ አላስፈለጋትም። በአሥር ወር ውስጥ የተቀበለችው ትእዛዝ ሁሉ ግርጌ ላይ እነዚያው አራት አሃዞች ነበሩ።

በላቸው።

ፋይሉን ከነጭዋ መኪና ታርጋና ከኪዳኑ ስልክ ቁጥር ጋር ለአረጋሽ ላከች። አልሄደም። አየሩ ዝግ ነው። በኩባንያው ገመድ የሚወጣ ነገር ደግሞ በማጣሪያ ያልፋል፤ ይያዛል። መልእክቱ ተራውን እንዲጠብቅ ላፕቶፑን እንደ ከፈተች ተወችው። ፒንሳዋን አንሥታ ሮጠች።

አንደኛው ደረጃ። ሁለተኛው። የብረት በር።

ጣሪያው ላይ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። ገመዱ ጠንካራ ነው። ፒንሳው አንዴ አዳለጠ። መዳፏ ተቀደደ።

እንደገና ያዘችው።

ቆረጠችው።

* * *

መጀመሪያ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከዚያ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ተንቀጠቀጠ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስት ጊዜ። ሲጠብቁ የነበሩ መልእክቶች በአንድ ጊዜ ደረሱ። ዋይፋዩ ተመልሷል።

በሩ ተበረገደ።

ባለ ቡናማ ጃኬቱ። ሁለተኛው ሰው። ከኋላቸው በላቸው፣ እያለከለከ።

«አዲስ አበባ ሂጂ ብዬሽ አልነበር?»

«ካርዱን ሳታይ ኪስህ ከተትካት» አለች።

በላቸው ፊቱ ተለዋወጠ። እስከ ዛሬ አንተ ብላው አታውቅም።

«ባዶ ናት» አለች። «ማየት ነበረብህ።»

እጁን ዘረጋ። «እውነተኛዋን ስጪኝ። ላፕቶፑንም። ይህ ነገር ካንቺም ከእኔም በላይ ነው። ገዢው ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ነው። አሁን ከሰጠሽኝ በሰላም ትሄጃለሽ።»

የጣሪያው ጠርዝ ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ነው። ባለ ጃኬቱ ቀረበ።

አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

ቀረበ።

ሌላ እርምጃ።

«ፊርማህ ተልኳል» አለች። «ሰባቱም ቁራጭ።»

«በምን? ሞገዱ ሁሉ ተዘግቶ?»

«ተዘግቶ ነበር።»

የተቆረጠውን ገመድ አሳየችው። ከመዳፏ የሚወርደው ደም ገመዱን አቅልሞታል።

ባለ ጃኬቱ ቆመ። ወደ በላቸው ዞረ። «አለቃ፣ የመምሪያው ሥራ ነው አላልከንም?»

በላቸው ገመዱን ብቻ ያያል።

በሩ ላይ ኪዳኑ ብቅ አለ። ስልኩን እንደ ትኩስ ነገር ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል። «ወይዘሮ አረጋሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። አቶ በላቸውን አቅርብልኝ ይላሉ። ዘበኞቹም በሩን እንዲዘጉ፣ ነጩን መኪና እንዳያሳልፉ አዘዋል።»

ባለ ጃኬቱ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ባዶውን። ወደ ግድግዳው ሸሸ። ጓደኛው ተከተለው።

በላቸው ስልኩን አልተቀበለም። ውኃ ማጠራቀሚያው ሥር ያለው ብሎኬት ላይ ቁጭ አለ። የተተኮሰው ሱሪው አቧራ ነካው። አላራገፈውም።

«ሃያ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ» አለ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም።

ተናኘ ሳትመልስለት አልፋው ወረደች። ደረጃው ላይ ቆማ ለጣይባ ደወለች። አይነሣም። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ተነሣ። የሚናገር ሰው ግን የለም። ከሩቅ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። አንድ የወንድ ድምፅ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ይላል።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስልኩን ከጆሮዋ አላነሣችም፤ መስመሩ ራሱ እስኪዘጋ።

* * *

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የተቀበሩት በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ተናኘ ለቅሶ ቤቱ የደረሰችው በማግሥቱ ጠዋት ነበር።

አረጋሽ አልፈቀደችላትም ነበር። «ነጩ መኪና ተይዟል፤ ሰውየውም ጭምር። በላቸው ቃሉን እየሰጠ ነው። ሳጥኖቹ ይወርዳሉ። ጥሩ ሠርተሻል» አለቻት በስልክ። «ተናኘ የምትባል ሰው ግን ትናንት አብቅቶላታል። ሹፌሩ አዲስ መታወቂያ ያቀብልሻል። ለማንም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ።»

«ሁለት ሰዓት ስጪኝ» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ጣይባ ሴቶቹ መሐል፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ተናኘን ስታይ እጇን ዘረጋች። አጠገቧ አስቀመጠቻት። በፋሻ የታሰረውን መዳፏን አገላብጣ አየችው።

«ከእምቢልታ ኪዳኑ ደውሎ ነገረኝ» አለች። «ጣሪያ ላይ ወጥተሽ ገመድ ቆርጠሽ ነው አሉ መስመሩን የከፈትሽልን። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ።»

ተናኘ የፋሻውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈች።

«ስምንት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ሄደልኝ። ሐኪሙ ወዲያው መርፌውን አዘዘ። በእጄ ወጋሁት። ግን ልቡ...» ቃሉን አልጨረሰችውም። «ትንሽ ቀድሞ ቢደርስህ ይተርፍ ነበር ወይ? አልኩት ሐኪሙን። አላውቅም አለኝ። ምናልባት አዎ፣ ምናልባት አይደለም አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ይህ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው።»

ተናኘ ከዚያ ወጥታ መሄድ ትችል ነበር። ሥራዋ እሱ ነው። መዋሸት፣ መታመን፣ መሄድ። አሥር ዓመት እንዲያ ኖራለች። አሁን ግን ጣይባ እጇን ይዛለች።

«መጀመሪያ ስትደውዪልኝ ገመዱን መቁረጥ እችል ነበር» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጣይባ አልገባትም። «እንዴት?»

«ማቆሚያውን አውቅ ነበር። አራት ደቂቃ አቆየሁት። አውቄ ነው። ሁለተኛ ስትደውዪም ሰምቼ ነው ያላነሣሁት።»

«ለምን?»

ለዚህ ብዙ መልስ ነበራት። ሰባት ቁራጭ። አንድ ስም። ገዢው። ሌሎቹ ከተሞች። ከሁሉም በላይ ደግሞ «አባትሽም አሥራ ሁለት ዓመት ለዚሁ ሥራ ነው የለፉት፤ ቢጠየቁ ጠብቂ ይሉኝ ነበር» ማለት ትችል ነበር። እውነት ይሉ እንደ ነበር ግን አታውቅም። ሊጠየቁ የሚችሉበት ጊዜ አልፏል።

«መናገር አልችልም» አለች።

ጣይባ እጇን ቀስ ብላ ከተናኘ እጅ ላይ አነሣች። ከሴቶቹ አንዷ ጀበናውን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

«የአባቴ ለቅሶ ነው» አለች ጣይባ። «ድምፄን ከፍ አላደርግም። ተነሺና ሂጂልኝ።»

ተነሣች። ጫማዋን በር ላይ አጠለቀች። የተከተላት ሰው አልነበረም።

* * *

መንገድ ዳር የሚጠብቃት ሹፌር አዲሱን መታወቂያ በፖስታ ሰጣት። ከደሴ መናኸሪያ በተሳፈረችበት ሚኒባስ ከሹፌሩ ኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ ኬላ ላይ ቆሙ። አንድ ወታደር መታወቂያ ሰብስቦ ወረደ። አገላበጠ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ እየጠራ ይመልስ ጀመር።

«እንየው በላይ።»

«አቤት።»

«ጽናት ስማቸው።»

የመለሰ የለም።

«ጽናት ስማቸው!»

አጠገቧ ያለችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገቻት። «እህት፣ አንቺ ትሆኚ እንዴ? የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«አቤት» አለች።

ወታደሩ ፎቶውን አየ። ፊቷን አየ። «ምነው፣ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር?»

«አዎ።»

መታወቂያውን ሰጣት። በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

ጎረቤቷ ፊቷን ሰረቅ አድርጋ ስታያት ቆይታ «ከለቅሶ ነው የምትመጪ?» አለቻት።

«አዎ።»

«ነፍስ ይማር። ዘመድ ነው?»

ጥቂት አሰበች።

«አይደሉም» አለች። «ገበያ ላይ የማውቃቸው ሽማግሌ ናቸው።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ሌላ አልጠየቀቻትም። ሹፌሩ ማርሽ ቀየረ፤ መኪናው ዳገቱን መውጣት ጀመረ።